ከምግብ በኋላ የሚዋጥ

አባቴ የወደቁት ካብ ሲሻገሩ ነው። ካህን ናቸው፤ ሰባን ካለፉ ቆይተዋል። የቤተ ክርስቲያናችን ቅጥር ደኅና በር አለው፤ ግን በበሩ መዞሩ ረዘመባቸውና በካቡ መጡ። ሁዳዴ ከተጋመሰ በኋላ ነበር። የበልግ ዝናብ ሌሊቱን ሲጥል አድሮ ድንጋዩ ሁሉ ያሟልጫል። ከኪዳን ጸሎት ሲመለሱ የረገጡት ድንጋይ ከዳቸውና ቀኝ እግራቸው ከቁርጭምጭሚቱ ዞረ።

እኔ ዘመሮ ከተማ አስተማሪ ነኝ። እናቴ ደውላ «አባትሽን ትንሽ ወለም ብሏቸዋል» አለችኝ። የእናቴን «ትንሽ» አውቃታለሁ። ወንድሜ የሞተ ጊዜም «ትንሽ አሞታል፣ ነይ» ብላ ነው የጠራችኝ። ስለዚህ ቅዳሜን ሳልጠብቅ ከትምህርት ቤት ፈቃድ ጠይቄ ሄድኩ።

ስደርስ መደቡ ላይ ተቀምጠው፣ እግራቸውን በርጩማ ላይ ሰቅለው ዳዊት ይደግማሉ። ቁርጭምጭሚታቸው አብጦ ቅርጹ ጠፍቷል፤ ቆዳው ጠቁሯል። ወጌሻው ከእኔ በፊት መጥቶ ሄዷል። በቅቤ ላሽዎት ቢላቸው «በሁዳዴ ቅቤ ገላዬን አይነካም» ብለው ስለከለከሉት በኑግ ዘይት አሽቶ፣ አጥንቱ ደኅና ነው፣ የዞረው ጅማቱ ነው ብሎ በጨርቅ ጠፍሮላቸው ነበር።

«የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባል ነበር» አለችኝ እናቴ። «የአባትሽ ደግሞ የእግሩም አይታሽም።»

እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ አንቱ ስትላቸው ኖራ፣ ሲመራት ብቻ ነው እንዲህ ዝቅ የምታደርጋቸው።

ሕመሙ ብቻ ቢሆን ኖሮ እንደማንም ገበሬ ተኝተው ይድኑ ነበር። ጉዱ ሌላ ነው። የደብራችን ዓመታዊ ንግሥ በሚቀጥለው ሳምንት ነበር። ቅዳሴ ደግሞ ያለ አምስት ሰው አይቆምም፤ ሁለት ካህናትና ሦስት ዲያቆናት ያስፈልጋሉ። ዲያቆን ሞልቶናል። ከካህናቱ ግን አንዱ አርፈዋል፣ ሌላው ለሕክምና ብለው አዲስ አበባ ልጃቸው ዘንድ ሄደው በዚያው ቀርተዋል። የቀሩት አባቴና ገበዙ ናቸው፤ ገበዙ የቤተ ክርስቲያኑን ዕቃና ንብረት የሚጠብቁት ካህን ናቸው። አባቴ ካልቆሙ ያገሩ ሰው ዓመት ሙሉ የጠበቀው ቀን ያለ ቅዳሴ ያልፋል። ወደ ራቤል ሰው ተልኮ ካህን ተለምኖ ነበር፤ እነሱም እንደኛው ተመናምነዋል፣ የሚተርፋቸው የለም።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ገበዙ መጡ። የአባቴን እግር አዩ፣ ራሳቸውን ነቀነቁ፣ ከዚያ ወደኔ ዞሩ።

«አንቺ የተማርሽ ነሽ። ከተማ መድኃኒት አይጠፋም። ማዳኑን ለእግዜር ተዪውና ለንግሡ ቀን የሚያቆማቸውን ፈልጊልን» አሉኝ።

አባቴ ግን አዩኝ። አባቴ በሕይወታቸው ከኔ የለመኑት ነገር የለም፤ ያን ጊዜ በዓይናቸው ለመኑኝ።

በማግስቱ ዘመሮ መድኃኒት ቤት ገባሁ። ባለ መድኃኒት ቤቱ ትዕግሥተኛ ወጣት ነው። ነገሩን ስነግረው ሦስት ዓይነት ክኒን መስታወቱ ላይ ደረደረልኝ። አንደኛው ፓራሲታሞልና ኢቡፕሮፌን አንድ ላይ የተጨመቁበት ነው። ሁለተኛው ፓራሲታሞልና ዳይክሎፌናክ። ሦስተኛው ፓራሲታሞልና ትራማዶል።

«ሁሉም ውስጥ ፓራሲታሞል አለ» አልኩት።

«እሱ እንደ ሽሮው ነው፣ ቲቸር። ልዩነቱ ማባያው ላይ ነው።»

ትራማዶል ያለበትን ራሱ ወደ ኋላ መለሰው። ያለ ሐኪም ወረቀት አልሰጥም፣ ብሰጥሽም ራስ ያዞራል፣ ሽማግሌ ያንገዳግዳል አለኝ። አባቴ እሳት ያለበት ጽና ይዘው ሲያጥኑ ሲንገዳገዱ ታየኝና አልተከራከርኩም። የቀሩትን ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጌ ወረቀታቸውን ማንበብ ጀመርኩ። የፈተና ወረቀት እንኳ እንደዚያ አንብቤ አላውቅም። ሁለቱም እብጠት ያጎድላሉ ይላል። ሁለቱም ሆድ ይጎዳሉ ይላል። ሁለቱም ከምግብ በኋላ ይወሰዱ ይላል።

«የትኛው ይሻላል?»

«የአንድ እናት ልጆች ናቸው። አንዱን ምረጪ እንጂ ሁለቱን እንዳታደባልቂ። እውነቱን ከጠየቅሽኝ ደግሞ፣ ለወለምታ ፓራሲታሞል ብቻውን ከነዚህ ብዙም አይርቅም። በረዶ፣ ዕረፍት፣ እግሩን ከፍ ማድረግ፤ ሌላው ትርፍ ነው።»

«ብዙ አይርቅም» የሚለው ቃል ያን ዕለት አልጣመኝም። እኔ የምፈልገው ትንሿን ርቀት ነበር። ዕረፍት የማያውቅ ሽማግሌ በቅዳሴ ሰዓት ሙሉ በሁለት እግሩ መቆም አለበት፤ እሷን ትርፍ ፍለጋ ነው የመጣሁት። መርፌስ አልኩት። ጤና ጣቢያ ይወጉታል፣ በአፍ ስለማይገባ ጾምም አያስፈታ ይሆናል አለኝና ተስፋዬ ነፍስ ዘራ። እዚያው ቆሜ ለአባቴ ደወልኩ።

«ደም ይወጣል?» አሉኝ።

«ጠብታ ታህል።»

«እንግዲያ ተይው። ደም ያለበት ካህን መቅደስ አይገባም።»

«አባቴ፣ ሲወጉ እኮ የሚወጣው...»

«ጠብታም ደም ነው፣ ልጄ።»

ዳይክሎፌናክ ያለበትን ገዛሁ። ወጣቱ ጨጓራ አለባቸው ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ጨጓራ የሌለው የመንዝ ቄስ ካለ አሳየኝ አልኩት። አልሳቀም። የጨጓራ እንክብል ጨመረልኝና ይህኛው ጠዋት በባዶ ሆድ፣ ያኛው በቀን ሦስት ጊዜ ከምግብ በኋላ ብሎ በየካርቶኑ ላይ በእስክሪብቶ ጻፈበት።

ቅዳሜ ይዤ ስሄድ አባቴ ካርቶኖቹን ተራ በተራ እያነሡ አነበቡ። ማንበብ ይወዳሉ፤ የስኳር ከረጢት ላይ ያለውንም ሳያነቡ አይጥሉም።

«ይሄ ጠዋት በባዶ ሆድ ይላል። ጠዋት ክኒን ከዋጥኩ ጾሜን ገደፍኩ። ይሄ ደግሞ ከምግብ በኋላ ይላል። ምግቤ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ነው።»

«ለበሽተኛ ተፈቅዷል። ይህን ለሰው ሁሉ የሚናገሩት እርስዎ ነዎት።»

«ለበሽተኛ ተፈቅዷል። ለቀዳሽ አልተፈቀደም። አንዱን ንገሪኝ፤ በሽተኛ ነኝ ወይስ ቀዳሽ?»

ከብዙ ክርክር በኋላ ተስማማን። የጨጓራው እንክብል እስከ ንግሡ ይቆይ፤ የሕመሙን ከምግብ በኋላ ይወስዳሉ። እኔ በልቤ አንዱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጾም ሲፈቱ፣ አንዱ ማታ በራት ጊዜ፣ አንዱ ሲተኙ ብዬ አሰብኩ። ሆነ። እሑድ ወደ ዘመሮ ተመለስኩ።

በየቀኑ ከክፍል ስወጣ እደውላለሁ። መድኃኒቱን ወሰዱ? ወሰድኩ። እንዳልኩዎት? «እንዳልሽኝ። ከምግብ በኋላ። አንድም አላስቀረሁ።» እብጠቱ ጎደለ። በመቋሚያቸው እየተደገፉ እስከ ጓሮ ሄዱ፣ ከዚያ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ። ገበዙ ስልክ ወስደው መረቁኝ፤ እንዲህ ያለ ምርቃት ለሠርጌም አላገኘሁም። እናቴ ብቻ እህል አስጠላቸው፣ ሆዴን ያቃጥለኛል ይላሉ አለችኝ። እንክብሉን ጠዋት ይዋጡ ብዬ ብለምን ከንግሡ በኋላ አሉ። ሽሮው ነው፣ በርበሬ አብዝታበት ነው አሉ። ለማመን የፈለገ ሰው ሽሮንም ይከሳል፤ እኔም ከሰስኩ።

የንግሡ ዕለት ደርሼ በሴቶቹ በኩል ቆምኩ። አገሩ ወጥቷል። ከጓሳ ማዶ ያሉት ሳይቀሩ በበቅሎና በእግር መጥተዋል፤ ካፊያው እየመታቸው በየጥዱ ሥር ተጠልለዋል። የሁዳዴ ቅዳሴ የሚገባው ቀትር ላይ ነው። ደወሉ ተደወለ። ዲያቆናቱ ለብሰው ጨርሰዋል። ቅዳሴው ግን አልተገባም። ሰው እርስ በርሱ መተያየት ጀመረ። ገበዙ ወጥተው ቅጥሩን በዓይናቸው ሲፈልጉ አየኋቸው፤ የሚፈልጉት አባቴን ነው። ነጠላዬን ሰብስቤ ተከተልኳቸው፤ እናቴም ተከተለችኝ።

አባቴ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ፣ መቃብሮቹ መካከል፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። ልብሰ ተክህኖ አልለበሱም። ሁለት እጃቸውን በመቋሚያው ላይ ደራርበው ግንባራቸውን አስደግፈዋል። እግራቸው ሥር ሣሩ ላይ ያስመለሳቸው ነገር ጥቁር ሆኖ ይታያል።

«ደም ወጥቶኛል» አሉ ለገበዙ። «መቅደስ አልገባም።»

ገበዙ ጎንበስ ብለው አዩ። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ግን ያ ሁሉ ሕዝብ ከጀርባቸው ቆሟል።

«ይሄ እኮ የቡና አተላ ነው የሚመስለው። ደም ቀይ ነው» አሉ በለሆሳስ።

«በሁዳዴ፣ በጠዋት፣ ቡና ማን ሰጠኝ?»

አባቴ ቀና ሲሉ ከንፈራቸው ነጭ ነበር። ላብ በላብ ሆነዋል፣ በዚያ ብርድ። እኔም ገባኝ፤ ካርቶኑ ውስጥ ካለው ወረቀት ላይ ጥቁር ትውከት የሚል ነገር አንብቤ ነበር።

«በቀን ስንት ነው የሚውጡት?» አልኩ ወደ እናቴ ዞሬ።

«ሦስቱንም ነዋ፣ አንቺ እንዳልሽው።»

«አንድ ላይ?»

«ታዲያ ከምግብ በኋላ አይደል የሚለው? የሚበሉት አንድ ጊዜ ነው። ምን ያድርጉ?»

ልቆጣት አፌን ከፍቼ ምንም የምቆጣበት አጣሁ። አልዋሹም፣ አልደበቁም፣ አልሰነፉም። ያለውን በሙሉ፣ እንደ ተጻፈው፣ እንደ ሥርዓተ ቅዳሴ ነው የፈጸሙት። ያ ወረቀት የተጻፈው በቀን ሦስት ጊዜ ለሚበላ ሰው ነው። ባዶ ሆድ ሲል የሚቀጥለው ምግብ አጠገቡ ላለ ሰው ነው። በቀን አንድ ጊዜ የሚበላ፣ እሷንም ፀሐይ ስታዘቀዝቅ የሚበላ አገር ስለመኖሩ የጻፈው ሰው አልሰማም፤ የሰማሁት እኔም መስታወት ላይ ሁለት ካርቶን አስተያይቼ ትልቁን ብልሃት የሠራሁ መስሎኛል።

ገበዙ ወደ ሕዝቡ ተመለሱ። ምን እንዳሉ አልሰማሁም። የሰማሁት ከሴቶቹ በኩል የተነሣውን ድምፅ ነው፤ ልቅሶም አይደል፣ ብቻ የብዙ ሰው ትንፋሽ አንድ ላይ ሲወጣ። ታቦቱ አልወጣም። ቅዳሴ አልተገባም። ጎረምሶቹ ለንግሡ ያመጡትን ጋቢ በሁለት አጠና ላይ አስረው ቃሬዛ ሠሩና አባቴን ተሸክመው ወደ መኪና መንገዱ ሮጡ። እነሱ ሲሮጡ እኔ ከኋላ ጭቃው ውስጥ እየወደቅሁ፣ እየተነሣሁ። መኪና ሳናገኝ ሕይወታቸው ብትወጣስ? ቁርጭምጭሚት ለማዳን ብዬ አባቴን ብገድልስ? ይህን እያልኩ ነበር የምሮጠው፤ በልቤ ሳይሆን በአፌ፣ ሰው እየሰማኝ።

በግ የጫነ አይሱዙ አገኘን። ሾፌሩ በጎቹን ወደ ኋላ ገፍቶ ቦታ አደረገልን። የአባቴን ራስ ጭኔ ላይ አድርጌ፣ መኪናው በየጉድጓዱ ሲዘል እጄን ከሥራቸው አስገባለሁ። አንድ ጊዜ ዓይናቸውን ገለጡ።

«ቅዳሴው ተገባ?»

«አልተገባም፣ አባቴ።»

አለቀሱ። አባቴ ወንድሜን ሲቀብሩ እንኳ ራሳቸው ፍትሐት ያደረሱ ሰው ናቸው፤ ድምፃቸው አልተሰበረም ነበር። እዚያ መኪና ውስጥ በበጎቹ መካከል እንደ ልጅ አለቀሱ። ዋሽቼ ተገብቷል ብላቸው ምን ነበረበት ብዬ ራሴን ረገምኩ። ግን ለአባቴ ዋሽቼ አላውቅም። እንዴት እንደሚዋሽ አላውቅበትም ነበር።

ሆስፒታል ስንደርስ የተቀበለችን ሐኪም ከኔ ታንሳለች። ምን ወሰዱ አለች፤ ካርቶኑን ሰጠኋት። ለምን አለች።

«ለወለምታ።»

ብዕሯን አቆመችና አየችኝ። «ፓራሲታሞሉ ብቻውን ይበቃቸው ነበር» አለች። ልትጎዳኝ ብላ አይደለም የተናገረችው። ቢሆንም አሁን ድረስ ዝም ብዬ ስቀመጥ የሚሰማኝ የሷ ድምፅ ነው።

ደም ሰጧቸው። ጨጓራቸው ውስጥ ቁስል እንደነበረና ክኒኑ እንዳደማው ነገሩኝ። እስኪረጋ ድረስ በአፋቸው ምንም እንዳይገባ ተባለ፤ አባቴ ይህን ሲሰሙ ፊታቸው ትንሽ ፈካ፤ «እነዚህስ ሥርዓት ያውቃሉ» አሉኝ። እኔ ግድግዳ ተደግፌ ወለሉ ላይ ተቀምጬ እተክዛለሁ። ሲተነፍሱ እሰማለሁ፤ ትንፋሻቸው ሲዘገይ ብድግ እላለሁ። እናቴ ኮሪደሩ ላይ ትጸልያለች፤ ገበሬው ሁሉ ደውሎ ይጠይቃል፤ ማንም አንድም ክፉ ቃል አልተናገረኝም። ቢናገሩኝ ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ ደሙ ቆመ። አንድ ጠዋት ሐኪሟ መጥታ ሆዳቸውን ዳሰሰችና ወደ ጎን ወሰደችኝ። ካሁን ጀምሮ በጥቂት በጥቂቱ መብላት አለባቸው፤ መድኃኒቱም በሰዓቱ፣ ጠዋትም ማታም፤ ባዶ ሆዳቸውን የሚውሉ ከሆነ ቁስሉ ሊመለስ ይችላል፤ ከተመለሰ ደግሞ የምንሰጣቸው ደም የለንም አለችኝ። የመጨረሻውን ዝቅ ባለ ድምፅ ነው ያለችው።

እናቴ ቅቤ የሌለው አጥሚት ሠርታ አመጣች። አባቴን በትራስ ደግፌ አስቀመጥኳቸው። ክሳታቸው ያስፈራል፤ በሕይወቴ አንሥቻቸው አላውቅም፣ ያን ዕለት አነሣኋቸው። ጽዋውን አፋቸው ላይ ሳስጠጋ ፊታቸውን ዘወር አደረጉ።

«ስንት ሰዓት ነው?»

ጠዋት ሦስት ሰዓት ነበር። እናቴ አቀረቀረች። ለበሽተኛ ተፈቅዷል ብዬ ልጀምር ነበር፤ እሳቸው የሚመልሱትን አውቀዋለሁ፤ ለመከራከር ደግሞ እሳቸውም እኔም አቅም አልነበረንም። ኃጢአቱ በኔ ይሁን፣ ንስሐ እገባበታለሁ ብዬ፣ ዓይናቸውን እያየሁ ዋሸሁ።

«ዘጠኝ ሰዓት አልፏል፣ አባቴ።»

አልጋቸው በምሥራቁ መስኮት በኩል ነው። ፀሐይዋ ከተራራው ብዙም ሳትርቅ ብርድ ልብሳቸው ላይ፣ እጃቸው ላይ፣ ጽዋው ላይ ወድቃለች። ዕድሜያቸውን ሙሉ የጾሙን ሰዓት በጥላ ለክተው ለአገሩ ሰው «ደርሷል፣ ብሉ» ሲሉ የኖሩ ሰው ናቸው። ፀሐይዋን አዩ። ከዚያ እኔን ረዘም ላለ ጊዜ አዩኝ። አማተቡና አፋቸውን ከፈቱልኝ።